ናሙናው ከተቀዳ በኋላ፦ የአካባቢ ቁጥጥር ከልደታ ሲታይ

ከኅዳር 2008 እስከ ኅዳር 2009 ዓ.ም. ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ፣ የአየር ናሙና የሚሰበስብ መሣሪያ ተተክሎ ነበር። ጥናቱን ያካሄዱት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤትና የአሜሪካው የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጋራ ናቸው። የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 53.8 ማይክሮግራም ደቃቅ ብናኝ ሆኖ ተገኘ፤ ሳንባን ዘልቆ ደም ውስጥ የሚገባው ዓይነት ብናኝ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያኔ ይመክር የነበረው የዓመት አማካይ ከ10 እንዳይበልጥ ነበር፤ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 5 ዝቅ አድርጎታል። ዋና ዋና ምንጮቹም ተለይተዋል፦ የተሽከርካሪ ጭስ፣ የማገዶና የከሰል ጭስ፣ ከመንገድና ከባዶ ሜዳ የሚነሣ አቧራ።

ቁጥሩ በሳይንስ መጽሔት ታትሟል፤ ተመራማሪዎች ይጠቅሱታል። ጥናት ነውና ያንን ጭስ የለቀቀ ሰው አይጠየቅበትም። ስለ አካባቢ ቁጥጥር መሻሻል በተነሣ ቁጥር የሚደባለቁት ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ይለያያሉ። መለካት አንድ ሥራ ነው፤ የተለካውን ይዞ «ይህን ያደረግኸው አንተ ነህ፣ አቁም፣ ክፈል» ማለት ሌላ ሥራ ነው። የውጭ ትብብር ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያግዘው የመጀመሪያውን ነው፤ ቴክኖሎጂም እንደዚያው። እኛ የምንወድቀው ግን ሁለተኛው ላይ ነው።

ልደታ ሲባል ለብዙ የአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ፍርድ ቤቱ ነው። ክፍለ ከተማው ግን የሥራ ሰፈርም ነው። ኮካ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከለስላሳ መጠጥ ፋብሪካው ነው፤ ሜክሲኮ አጠገብ ለረጅም ዘመን ቢራ ሲጠመቅ ኖሯል፤ ከተክለሃይማኖት ወዲህና ወዲያ ጋራዡ፣ ጎሚስታው፣ ላቫጆው ተደርድሯል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የድሮ መንደሮች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ተተከለ፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ በመሐሉ አለፈ። መብራት በጠፋ ቁጥር ጀነሬተሩ ከየሕንፃው ሥር ይነሣል። የተቃጠለ ዘይቱ፣ የሳሙና ውኃው፣ ከየሽንት ቤቱ የሚሾልከው ፍሳሽ በየቦዩ እየወረደ ከምዕራብ አዲስ አበባ ወንዞች ጋር ይገናኛል። ከወጨጫ ግርጌ የሚነሣው ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ምዕራብ አቋርጦ እስከ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል፤ በመካከሉ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ሰላጣና ቆስጣ ያጠጣል። ልደታ ላይ የተደፋው ሣህን ላይ ተመልሶ ይመጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«ሕጉ ደካማ ስለሆነ ነው» የሚል መልስ ለምደናል። ሕጉን ከፍቶ ያየ ሰው ግን ይገረማል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በማንኛውም ሰዓት ግቢ እንዲገባ፣ ሰው እንዲጠይቅ፣ ሰነድ እንዲገለብጥ፣ ፎቶ እንዲያነሣ፣ ናሙና ያለ ክፍያ እንዲወስድ፣ መሣሪያ እንዲይዝ ይፈቅድለታል። ፖሊስ ቤት ለመፈተሽ ትእዛዝ በሚጠየቅበት አገር ይህ ትልቅ ሥልጣን ነው። አዋጁ ላይ የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 ሲጨመር ነባር ፋብሪካዎች እንዲያስተካክሉ የአምስት ዓመት ጊዜ ተሰጣቸው፤ የሚለቁትንም እየለኩ መዝገብ እንዲይዙ ታዘዙ። አምስቱ ዓመት ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል።

ሥልጣኑ ሰፊ ሆኖ ቅጣቱ ግን ቀልሏል። በአዋጁ ጠቅላላ ድንጋጌ አንድ ድርጅት የሚቀጣው ከ10,000 እስከ 20,000 ብር ነበር። አዋጁ ሲወጣ 20,000 ብር ከ2,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ200 ዶላር በታች ወርዷል። የማጣሪያ ጣቢያ የኤሌክትሪክና የኬሚካል ወጪ በወር ከዚህ ይበልጣል። ስሌት የሚያውቅ ሥራ አስኪያጅ የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት ምርመራ አያሻም። አዲስ አበባ በ2017 ዓ.ም. ለወንዞችና ለወንዝ ዳርቻ የብክለት መከላከያ ደንብ አውጥታ ማስፈጸሙን ለደንብ ማስከበር ሰጥታለች፤ በዚያው ዓመት የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚያግድ አዋጅ አጽድቋል። ቅጣቱን ከፍ ማድረጉ ትክክል ነው። ነገር ግን የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ሲደፋ ያየውን ሊይዝ ይችላል እንጂ ውኃ ውስጥ የሟሟ እንደ ክሮሚየም ያለ ብረት በዓይኑ አያይም።

የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ራሱ ሲንከራተት ኖሯል። በ1987 ዓ.ም. ባለሥልጣን ሆኖ ተቋቋመ፤ በ2005 ሚኒስቴር ሆነ፤ በ2011 ኮሚሽን፤ በ2014 እንደገና ባለሥልጣን። በየመሐሉ ደን አብሮት ገባ፣ የአየር ንብረት ለውጥ ተጨመረለት፣ ደግሞ ደን ተነሣለት። ስም ሲለወጥ ማኅተም ይለወጣል፤ ሰው ይዛወራል፤ የፋብሪካ ፋይል ከአንዱ መሳቢያ ወደ ሌላው ይሄዳል። ለቁጥጥር ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ፋይሉ ነው፤ ያንኑ ቱቦ ባለፈው ዓመት ምን እንዳወጣ የማያውቅ ተቆጣጣሪ ሁልጊዜ አዲስ ነው።

ተቆጣጣሪው ሥራውን ካልሠራስ? ይህን ጥያቄ ወደ ፍርድ ቤት የወሰደ አለ። አፓፕ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የባለሙያዎች ማኅበር የአቃቂና የሞጆ ወንዞች መበከል እየታወቀ እርምጃ አልተወሰደም ብሎ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሰሰ። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በ1999 ዓ.ም. ባለሥልጣኑ አይጠየቅም ብሎ ክሱን ዘጋ። ጉዳዩ ቢሸነፍም በኢትዮጵያ የሕግ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ የሚነሣው ለዚህ ነው፤ ዜጋ ያለ ግል ጉዳት ስለ ወንዝ ሊከራከር እንደሚችል አሳይቷል፤ ተቆጣጣሪን ማስጠየቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነም እንዲሁ።

አሁን ወደ ናሙናው። ከሜዳ ራቅ ያለ ሰው የማይገምተው ችግር ያለው እዚህ ነው። የውኃን አሲድነትና የጨው መጠን እዚያው ቆሞ በእጅ መሣሪያ ማንበብ ይቻላል። በካይነቱን በሚገባ የሚያሳየው የኦክስጅን ፍጆታ ምርመራ ግን አምስት ቀን ይፈጃል። ናሙናው ከቦታው በበረዶ ሣጥን ቀዝቅዞ መምጣት አለበት፤ ምርመራው ቢበዛ በሁለት ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከዚያ አምስት ቀን ሙሉ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል። ማክሰኞ የተጀመረ ምርመራ እሑድ ይነበባል፤ እሑድ ደግሞ ላብራቶሪው ዝግ ነው። በመካከል መብራት ከጠፋና ማቀዝቀዣው ከሞቀ ውጤቱ ለክርክር አይበቃም። ክሮሚየም ለመለካት ጠርሙሱ ውስጥ አሲድ ይጨመራል፤ ከዚያ ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) እና ውድ መሣሪያ ያሻል። ናሙናው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ የሚያሳይ ወረቀት ካልተፈረመበት ደግሞ የፋብሪካው ጠበቃ «ይህ የእኛ ውኃ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?» ብሎ ሁሉንም በአንድ ጥያቄ ያፈርሰዋል። ድምፅም ያው ነው። በአገራችን መመሪያ የመኖሪያ ሰፈር ድምፅ በቀን ከ55፣ በሌሊት ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ በስልክ አፕሊኬሽን የተለካ 80 ዴሲቤል ጎረቤትን ያናድዳል እንጂ ዳኛ አያሳምንም። መለኪያው ራሱ ተለክቶ ትክክለኛነቱ በምስክር ወረቀት የተረጋገጠ መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ የአካባቢ ቁጥጥር ጓዳው መለኪያን የሚያረጋግጠው የሥነ-ልክ ተቋምና ለላብራቶሪ ብቃት ዕውቅና የሚሰጠው የአክሬዲቴሽን አገልግሎት ናቸው። አዲስ ላብራቶሪ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ሪኤጀንቱ ሲያልቅ ግን ዜና የለም።

ይህን ሁሉ ድካም በቴክኖሎጂ መዝለል አይቻልም ወይ? ቱቦው ላይ ሌት ተቀን የሚያነብ ዳሳሽ ተክሎ ቁጥሩን በኢንተርኔት መላክ ይቻላል፤ ፋብሪካ በሌሊትና ዝናብ ሲጥል ጠብቆ ይለቃል የሚለው የቆየ ሐሜት ያኔ ይፈታ ነበር። ህንድ እና ቻይና ይህን በሰፊው ሞክረውታል። የቻይናው ታሪክ አስተማሪም አስቂኝም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሺአን ከተማ የአንድ ወረዳ የአካባቢ ጥበቃ ሠራተኞች አየር የሚስበውን የመለኪያ አፍ በጥጥ ደፍነው ቁጥሩን ሲያሳምሩ ተያዙ፤ በቀጣዩ ዓመት ተፈረደባቸው። ደፋኞቹ ፋብሪካዎቹ አልነበሩም፤ ተቆጣጣሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ምክንያቱም የሚመዘኑት በዚያ ቁጥር ነበር። በበለጸገው ዓለምም ቮልስዋገን በናፍጣ መኪኖቹ ውስጥ የምርመራ ሰዓት መድረሱን የሚያውቅ ሶፍትዌር ደብቆ እ.ኤ.አ. በ2015 ተጋልጧል።

ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ያለው ግን በህንድ ጉጃራት ግዛት የተደረገው ሙከራ ይመስለኛል። እዚያ ፋብሪካዎች በየዓመቱ በግል ኦዲተር ይመረመራሉ፤ ኦዲተሩን የሚመርጠውና የሚከፍለው ፋብሪካው ነበር። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዋ ኤስተር ዱፍሎና ባልደረቦቿ ከግዛቱ የብክለት ቁጥጥር ቦርድ ጋር ሆነው የኦዲተሮቹን ሪፖርት በድጋሚ ቢለኩ፣ ብዙው ቁጥር ከተፈቀደው ጣሪያ ጥቂት ዝቅ ብሎ የተጻፈ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ለተወሰኑ ፋብሪካዎች አሠራሩን ለወጡት። ኦዲተሩ በዕጣ ይመደባል፣ ክፍያው ከጋራ ቋት ይወጣል፣ ሥራው በድንገት ይፈተሻል። የውሸት ሪፖርት በ80 በመቶ ቀነሰ፤ ፋብሪካዎቹም ልቀታቸውን ቀነሱ። የመለኪያ መሣሪያው ያው ነበር፤ የተለወጠው ኦዲተሩን ማን እንደሚመርጠው፣ ማን እንደሚከፍለውና ማን እንደሚፈትሸው ነው። በሌላ ሙከራ ደግሞ የተቆጣጣሪዎች ጉብኝት ከእጥፍ በላይ እንዲበዛ ተደረገ፤ ብክለቱ ግን ያን ያህል አልቀነሰም። ነባሮቹ ተቆጣጣሪዎች ከባዱን በካይ በልምዳቸው ለይተው ይሄዱበት ነበርና፣ በጭፍን የተጨመረው ጉብኝት አብዛኛው ቀላል ጥፋት ካለበት ደጃፍ አረፈ።

የእኛን አሠራር በዚህ መነጽር ማየት ያሳፍራል። በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ጥናቱን የሚያሠራውና አማካሪውን የሚከፍለው የፕሮጀክቱ ባለቤት ነው። ለዓመታት ደግሞ የግምገማ ሰነዶችን የማጽደቅ ሥልጣን ለዘርፍ መሥሪያ ቤቶች በውክልና ተሰጥቶ ቆይቷል፤ ማዕድን እንዲለማ የሚገፋው መሥሪያ ቤት ማዕድን ማውጣቱ ጉዳት እንደሌለው ያጸድቅ ነበር ማለት ነው። ጉጃራት ላይ የተገኘው መድኃኒት ለእኛ አዲስ መሣሪያ አያስገዛም። የአማካሪውን ክፍያ በባለሥልጣኑ ቋት በኩል ማሳለፍና ምደባውን በዕጣ ማድረግ የአንድ መመሪያ ሥራ ነው።

ትብብሩስ ምን አስገኘ? አስገኝቷል፤ መካድ አይገባም። ከ1992 እስከ 1995 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በኩል በየመጋዘኑ ተከማችቶ የነበረ ወደ 1,500 ቶን ጊዜው ያለፈበት ፀረ-ተባይ ተለቅሞ ፊንላንድ ተወስዶ ተቃጥሏል፤ ይህን ብቻችንን አንችለውም ነበር። አደገኛ ቆሻሻ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ የሚያግደው የባማኮ ስምምነት የተወለደው ከልደታ ብዙም የማይርቀው የአፍሪካ ኅብረት ቀዳሚ በሆነው በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጥላ ሥር ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የእርሳስ ቀለም ደንብ ከሚሊዮን 90 እጅ በላይ እርሳስ ያለበትን ቀለም የከለከለው ከአገር ውስጥና ከውጭ ማኅበራት ብዙ ግፊት በኋላ ነው። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከህንድ ኩባንያ ጋር የተሠራው ማጣሪያ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ ይጠቀምበታል። የቃሊቲ ማጣሪያ በዓለም ባንክ ብድር በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲቀበል ሆኖ በ2010 ዓ.ም. ተመርቋል። እነዚህ ግን ግንባታና ሕግ ናቸው። ወደ ቁጥጥሩ ስንጠጋ ታሪኩ ይቀጥናል።

የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ ደቃቅ ብናኝ እየለካ በየሰዓቱ ለሕዝብ ያወጣ ነበር። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ጋዜጠኛው ዜናውን በዚያ ላይ መሠረተ። ከተማዋም እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 የሚዘልቀውን የአየር ጥራት አስተዳደር ዕቅዷን ከአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ጋር ተባብራ አዘጋጀች። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በመላው ዓለም የኤምባሲዎቹን የአየር መረጃ ማሰራጨት አቆመ። ምክንያቱ የገንዘብ ነው ተባለ። ማንም አልዋሸንም፤ መሣሪያው የእነሱ ነበር፤ ሲፈልጉ ዘጉት። በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችንም አብዛኛው ወጪዋ በቻይና የተሸፈነ ነበር። ሳተላይት ደንና እርሻን ታያለች፤ የአውሮፓዋ ሴንቲኔል-5ፒ በከተማ ላይ ያንዣበበውን የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ትለካለች። ከኮካ እስከ ጦር ኃይሎች ባለው መንገድ ላይ የትኛው አውቶቡስ እንዳጨሰው ግን አትነግረንም።

ጎረቤቶቻችን ምን አደረጉ? ካምፓላ ውስጥ የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ኤርኮ የሚባለውን ርካሽ የአየር መለኪያ ራሳቸው ሠርተው በየሰፈሩ፣ አንዳንዱንም በሞተር ሳይክል ታክሲ ላይ ተከሉት። ሲበላሽ የሚጠግነው የሠራው ሰው ነው። ርካሽ ዳሳሽ ጉድለት አለው፤ እርጥበት ሲበዛ ጠል የያዘውን ብናኝ አተልቆ ያነባል፤ በእኛ ክረምት ከዋና መለኪያ አጠገብ አስቀምጦ ካላስተካከሉት ይሳሳታል። ለክስ አይበቃም። ተቆጣጣሪው ዛሬ የትኛው ወረዳ ይሂድ ለሚለው ግን ከበቂ በላይ ነው።

ከአውሮፓ የምንወስደው ካለ መሣሪያቸው ሳይሆን ልማዳቸው ይሻላል። በአውሮፓ ኅብረት የኢንዱስትሪ ልቀት መመሪያ ከባድ ሥጋት ያለበት ፋብሪካ ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ ቀላሉ በሦስት ዓመት አንዴ ይጎበኛል፤ ሪፖርቱ በሁለት ወር ውስጥ ለባለቤቱ፣ በአራት ወር ውስጥ ለሕዝብ ይወጣል። ኢምፔል በሚባለው ማኅበራቸው ደግሞ የአንዱ አገር ተቆጣጣሪዎች የሌላውን አሠራር ሄደው ይመረምራሉ። ለእኛ የሚሻለው ትብብር ይህ ይመስለኛል፤ የልደታ ተቆጣጣሪ ከናይሮቢና ከኪጋሊ ባልደረቦቹ ጋር አንድ ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ አብሮ ናሙና ይቅዳ። የአምስት ኮከብ ሆቴል ዎርክሾፕ ያላስተማረውን ያ ጠዋት ያስተምራል።

እንግዲህ ለልደታ ምን ይሁን? በእኔ ግምት የክፍለ ከተማው ብክለት አብዛኛው ከትናንሽ ደጃፎች ነው፤ ለላቫጆና ለጋራዥ ሌት ተቀን የሚያነብ ውድ ዳሳሽ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ለእነሱ የዘይት መለያ ጉድጓድ አለ ወይስ የለም፣ የተቃጠለው ዘይት ለማን ተሸጠ የሚለው ጥያቄና ቦታና ሰዓት የሚመዘግብ ስልክ ይበቃል። ለተሽከርካሪ ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ አለ፤ ጭስን በመሣሪያ ሳይለኩ ቦሎ መስጠት ቢቀር ብቻ ጥቁር አንበሳ ግቢ የተገኘው ቁጥር ይወርዳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ለነገ ይጠቅማል፤ ዛሬ ሜክሲኮ አደባባይ የሚያጨሰው ግን ትናንት የገባው ነው። ለትልልቆቹ ፋብሪካዎች የፍሳሽ መጠን ቆጣሪ በራሳቸው ወጪ፣ ቁጥሩን የሚያነብ ደግሞ እነሱ የማይከፍሉት ላብራቶሪ ይሁን። ለጋሽ ሲመጣም አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ የአምስት ዓመት ሪኤጀንትና ጥገና በውሉ ውስጥ አለ? ከሌለ መሣሪያው ባይመጣ ይሻላል፤ አቧራ የለበሰ መሣሪያ ለሚቀጥለው የበጀት ጥያቄ እንቅፋት ነው።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ውጤቱን ለሕዝብ ማውጣት ነው። እያንዳንዱ የቁጥጥር ውጤት፣ ድርጅቱ፣ ቀኑ፣ የተለካው፣ የተፈቀደው ጣሪያና የተወሰደው እርምጃ በክፍለ ከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳና በቴሌግራም ቻናሉ ይለጠፍ። ወጪው የአንድ ጸሐፊ ጊዜ ነው። ባለሥልጣን የሚፈራውም ባለሀብት የሚፈራውም ይህንን ስለሆነ እስከ ዛሬ አልተሞከረም ብል አልሳሳትም።

አንባቢ ሆይ፣ የብክለት ቁጥጥር አዋጁን (ቁጥር 300/1995) አንቀጽ 11 ልብ በል። በአካባቢ ላይ ጉዳት የሚያደርስን ማንኛውንም ሰው፣ አንተ ራስህ ባትጎዳም፣ ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለከተማህ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማመልከት ትችላለህ። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠህ ወይም ውሳኔው ካላረካህ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት የመሄድ መብት አለህ። ማመልከቻህን ስታስገባ ኮፒው ላይ ቀንና ማኅተም ማስመታትህን አትርሳ፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።